ውሃ ያበጠርኩ ዕለት

ሽንፋ ገብታችሁ «ኢድሪስ ማነው?» ብትሉ፣ ሰዉ ከመልኬ በፊት ሰሊጤን ነው የሚነግራችሁ። «የሱ ጆንያ አሸዋ አያውቅም» ይሏችኋል። እውነት ነው። ከኮኪት ልግዛው ከአብርሃ ጅራ፣ መጋዘኔ የገባ ሰሊጥ ሳይበጠር ወጥቶ አያውቅም። ጎንደር ያሉት ገዢዎች ጆንያ እየወጉ ናሙና ሲያወጡ ይውሉና፣ የኔ ጭነት ጋ ሲደርሱ መውጊያቸውን አስቀምጠው ሻይ ያዛሉ። ይህን የማወራው ለጉራ አይደለም። ጉራዬ ምን ላይ እንደጣለኝ ልተርክ ስለሆነ፣ ከየት እንደመጣ ቀድማችሁ ብታውቁት ይሻላል ብዬ ነው።

ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። የቀረውን የመተማ መንገድ አስተማረኝ፤ ዐረብኛውን፣ ሚዛኑን፣ የሰው ፊት ማንበቡን። በተለይ በፊት ማንበቡ እመካ ነበር። ጭነቴን መንገድ ላይ የቀላቀለ ሹፌር ገና ከጋቢና ሲወርድ አውቀዋለሁ።

ነገሩ የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። የሱዳን ድንበር ዛሬ ተከፈተ ሲባል ነገ እየተዘጋ፣ ከማዶ ዕቃው ቀርቶ ሰው ብቻ እየመጣ፣ ሱቄ ውስጥ ዝንብ እሽ ስል ሰነበትኩ። መቀመጥ አልወድም። ከወንዙ ዳር መሬት ተኮናተርኩና ሽንኩርት አምራች ሆንኩ። ባለቤቴ ዘሐራ የገበሬ ልጅ ናት፤ ሳቀችብኝ። «አንተ ሽንኩርት የምታውቀው ወጥ ውስጥ ነው» አለችኝ። እኔ ግን እርሻም ንግድ ነው ብዬ ገባሁ።

እዚያ ከሽንፋ ወንዝ ተጠልፎ የሚመጣ፣ በሰው እጅ የተቆፈረ ቦይ አለ። ሃያ ሦስት አባወራ በተራ ያጠጣበታል። ቦይ አልኩ እንጂ፣ ስታዩት ላም ሣር እየፈለገች ስትንከላወስ ያወጣችው መንገድ ይመስላል። ይጠማዘዛል። ሆዱ እንደ ገበቴ ጎድጎድ ያለ ነው። ጎንና ጎኑ በሚያንሸራትት ጭቃ ተለስኗል። ውሃው ደግሞ፣ ደጋ የዘነበው ዝናብ ገና ስላልጠራ፣ የጭቃ ቤት ግድግዳ የታጠበበት ይመስላል። ከሁሉም ያስከፋኝ ግን ደለል ጠረጋው ነበር። ጥቅምት ሲገባ አባወራው ሁሉ አካፋውን ይዞ ይወጣና ቦዩ ሥር የተኛውን ደለል ያወጣል። እኔ የቀን ሠራተኛ ቀጥሬ ላክሁ። የውሃ አባታችን አያ ሙላት ሠራተኛውን መልሰው ሰደዱት።

«ምነው አያ?» ብዬ ሄድኩ።

«ሽንኩርቱን የሚሸጠው እሱ ነው?»

«አይ፣ እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ጭቃውም ያንተ ነው።»

አያ ሙላት ሰባን ያለፉ፣ አንገታቸው የቀጠነ፣ ድምፃቸው የወፈረ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ሱዳን ተሻግረው ትልቅ የመስኖ እርሻ ላይ የቦይ ዘበኛ ሆነው ኖረዋል፤ ዐረቦቹ «ገፊር» የሚሉትን ሥራ። ተመልሰው ይህንን ቦይ ያስጀመሩት እሳቸው ናቸው፤ ተራ የሚሰጡትም፣ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁትም እሳቸው። በጠረጋው ቀን አንዲት ሕግ ነበረቻቸው። የሥሩን ደለል አውጡ፣ የጎኑን ልስን አትንኩ ይላሉ። እኔ ልስኑን በአካፋ ስላጭ አገኙኝና በዘንጋቸው እጄን ነካ አደረጉት። «እሱ የቦዩ ቆዳ ነው፤ ቆዳ ይላጫል እንዴ?» አሉኝ። ሦስት ቀን ቆፈርኩ። በሦስተኛው ቀን መዳፌ ተልጦ ቤቴ ስገባ፣ ሐሳቡ መጣልኝ።

ቦዩን በየዓመቱ ከምናጸዳ፣ ለምን ውሃውን አናጸዳውም?

ታያላችሁ? የሰሊጥ ነጋዴ ጭንቅላት ውስጥ ከዚህ ሌላ ሐሳብ ሊበቅል አይችልም። ከጠለፋው ሥር ሰፊና ጥልቅ ጉድጓድ እናውጣ፤ ውሃው እዚያ ይረፍ፤ አፈሩ ወደ ታች ይውረድ፤ ከላይ ያለው ንጹሑ ብቻ ወደ ቦዩ ይግባ። ዘሐራ ስነግራት «ሰሊጡን ጨረስህና ወንዙን ልታበጥር ነው?» አለችና እንቅልፏን ቀጠለች።

አባወራው ቁርቁራው ዛፍ ሥር ሲሰበሰብ ሐሳቤን አቀረብኩ። ሰው ወደደው። ደለል መጥረግ ይቀራል ሲባል የማይወድ ማን አለ? አያ ሙላት ብቻ ዘንጋቸውን መሬት ላይ ያዞሩ ነበር። ከዚያ፣

«ያ ኢድሪስ» አሉ፣ ማዶ እንደ ለመዱት። «አይሱዙህ ሰሊጥ አራግፎ ባዶውን ሲመለስ አካሄዱ እንዴት ነው?»

«እየዘለለ ነዋ።»

«መንገዱንስ እንዴት ያደርገዋል?»

«ያርሰዋል።»

«ይኸው ነው። ውሃም ጭነቱን እስከያዘ ድረስ ነው አንገቱን ደፍቶ የሚሄደው።»

«አያ» አልኩ፣ ሰዉን እያየሁ፣ «ባዶ መኪና ግን ቶሎ ይደርሳል!»

ሰዉ ሳቀ። እሳቸውም ፈገግ አሉ። ያን ፈገግታቸውን የተሸናፊ ፈገግታ አድርጌ አነበብኩት። ፊት ማንበብ እችላለሁ አላልኳችሁም?

በራሴ ኪስ እስካቫተር ተከራየሁ። ጉድጓዱ ሁለት ቀን ወሰደ፤ የወጣው አፈር ከጎኑ ጉብታ ሆኖ ተቆለለ። ውሃ ሞላንበትና እንዲጠልል ሌላ ሁለት ቀን ተውነው። በዚህ ሁሉ መሀል ሽንኩርት ተተክሎ ነበር። ችግኝ ከመደቡ ተነቅሎ ማሳ ላይ ከተተከለ ገና ሳምንቱ ነው፤ ክር የሚያህል ነገር ነው፤ በቆላ ፀሐይ ሦስት ቀን ውሃ ካጣ መንደድ ይጀምራል፤ ሳምንት ካጣ ያበቃለታል። ዘሩ ደግሞ በየቤቱ ተሟጧል፤ የሞተውን የሚተካ የለም። ጉድጓዱ ሲሞላና ሲጠልል የሁሉም ተራ አልፎ ስለነበር፣ ቦዩ በደረቀ በሦስተኛው ቀን ጠዋት አባወራው ሁሉ ቦዩ አፍ ላይ ቆሞ እኔን ያያል። ውሃው አሁን በትክክል ካልደረሰ፣ የዓመቱ ሽንኩርት የለም።

ከቆሙት መካከል አስማረ የሚባል የጎጃም ልጅ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ሰሊጥ ሊያርም መጥቶ እዚሁ የቀረ፣ ሠላሳ ያልሞላው ጠንካራ ሰው። የአያ ሙላትን መሬት በእኩል ያርሳል፤ መሬቱ የእሳቸው፣ ጉልበቱ የሱ፣ ምርቱን ለሁለት። ያን ዓመት ሌላ የቀን ሥራ ሁሉ ትቶ ክረምትና በጋ ያለውን ጉልበት እዚያች ማሳ ላይ አፈሰሰ። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሽንኩርቱ ሲወጣ አገሩ ሄዶ ሚስቱን ሊያመጣ ነው። «ቤት ተከራይቻለሁ ጋሼ» ብሎኛል፤ «መስኮት አለው።» ማሳዋ ቦዩ ወደ ወንዙ ተጠግቶ የሚታጠፍበት ማጠፊያው ላይ ነበረች።

የጉድጓዱን ውሃ በብርጭቆ ቀዳሁና ሰዉ እያየኝ ጠጣሁት። ቀጭን ሻይ ይመስል ነበር እንጂ ጭቃ አልነበረበትም። እልል ተባለ።

«ስንት እንክፈተው?» አለ የውሃው መዝጊያ ላይ የቆመው ልጅ።

«በፊት ስንት ነበር?»

«ግማሽ። ደለል እንዳይበዛ ነዋ።»

«ዛሬ ምን ደለል አለና! ሙሉውን ክፈተው!»

አያ ሙላት «ግማሽ ይበቃል» ብለው ነበር። እልልታው ውስጥ ማን ሰማቸው? ውሃው ተለቀቀ። ወጣቶቹ ሊቀድሙት እየሮጡ፣ ቀደማቸው። እኔ ሞተር ሳይክሌን አስነሥቼ በጓሮ መንገድ ወደ ቦዩ ጭራ በረርኩ፤ የኔ ማሳ እዚያ መጨረሻ ላይ ነው። ንጹሕ ውሃዬን በእጄ ልቀበለው ቆምኩ።

መጣ። መጀመሪያ ቅጠልና ገለባ እየገፋ፣ ቀጥሎ ራሱ ውሃው። አየሁት። ጎንበስ ብዬ እንደገና አየሁት። በሕይወቴ እንዲህ የቆሸሸ ውሃ አላየሁም። በፊት ከሚመጣው ይብሳል፤ የማሽላ ሊጥ ነው የሚመስለው።

እንግዲህ በዚያች ሰዓት ጭንቅላቴ ውስጥ የሆነውን በሐቅ ልንገራችሁ። ጭንቅላቴ ለእንዲህ ያለ ነገር አንድ መልስ ብቻ ነበረው። ንጹሕ ጭኜ፣ ቆሻሻ ከደረሰኝ፣ መንገድ ላይ የቀላቀለ ሰው አለ። ሃያ ዓመት ከዚህ ሌላ ምክንያት አላየሁም። ማን እንደሆነ ነው እንጂ ምን እንደሆነ ለመጠየቅ አልታየኝም።

ሌባ እንዴት እንደሚያዝ አውቃለሁ። ባዶ የሃይላንድ ጠርሙሶች ሰበሰብኩና ናሙና እየወሰድኩ ቦዩን ሽቅብ መውጣት ጀመርኩ። ጭራው ላይ አንድ ቀዳሁ፤ ሊጥ። የማንጎው ዛፍ ጋ ስደርስ ሌላ ቀዳሁ፤ ትንሽ ቀጠነ። ከእንጨት ድልድዩ በላይ ሌላ፤ ይበልጥ ቀጠነ። ልቤ በደስታ መታ። ቀላቃዩ ከላይ ነው፤ እየቀረብኩት ነው! ሦስት ጠርሙስ በፌስታል አንጠልጥዬ፣ በፀሐይ እየነደድኩ፣ ድምፅ ላለማሰማት ጫማዬን አውልቄ እንደ ድመት ሄድኩ። ሃምሳ ዓመት የሞላኝ፣ የልጆች አባት።

ከማጠፊያው ደረስኩ። አስማረ ቦዩ ውስጥ እስከ ጭኑ ቆሞ፣ ከዳር አፈር በአካፋ እየቆረጠ ውሃው ውስጥ ይጥላል።

እጅ ከፍንጅ።

«አንተ!» አልኩ፣ የሃያ ዓመት ንዴቴን ይዤ።

ቀና አለ። ፊቱ በላብና በጭቃ ተለውሷል። «ጋሼ! እሰይ መጡ። ይችን የግራር ቅርንጫፍ ያዙልኝ፣ ቶሎ!»

«አፈር እየቀላቀልክ ቅርንጫፍ ያዝልኝ ትለኛለህ?»

«ምን?»

«አያ ሙላት ናቸው የላኩህ? እኔ እንዳፍር?»

«ማንም አልላከኝም ጋሼ! ሥሩ እየተበላ ነው፤ ይስሙት! ከታች ባዶ ሆኗል። ቅርንጫፉን ወርውሬ አፈር ካልጫንኩበት—»

«ስማ፣ አፈር የሚጨመርበትን ምክንያት ለኔ አታስተምረኝም።»

እልል ሲሉ የዋሉት ሰዎች ጩኸቴን ሰምተው ተሰበሰቡ። ጠርሙሶቹን በተርታ መሬት ላይ ደረደርኩ፤ ከወፍራም ወደ ቀጭን። ፍርድ ቤት ማስረጃ የማቀርብ ያህል አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። ሰዉ ጠርሙሶቹን አየ፣ አስማረን አየ፣ አካፋውን አየ። ማስረጃው አፍ ያስይዛል። ወረድኩና አካፋውን ከእጁ ነጠቅኩ፤ ማዶ ወረወርኩት።

«ቀላቃይ!» አልኩት።

በኛ ንግድ ከሌባ ይልቅ ይህ ቃል ይከፋል። ሌባ የሰው ይወስዳል፤ ቀላቃይ የሰውን ስም ያበላሻል። አስማረ የቃሉን ክብደት ያውቀዋል፤ ሦስት ዓመት ከኛ ጋር ኖሯል። ከቦዩ ወጣ፣ እግሩን በሣር ጠረገ፣ አንድ ጊዜ ማሳውን አየና ሄደ። አንገቱን እንደ ደፋ ሲሄድ «ያፈረ ሰው እንዲህ ነው የሚሄደው» ብዬ አነበብኩት።

ሰዉ ተበተነ፤ እኔ ቀረሁ። ዳር ላይ ተቀምጬ ንጹሕ ውሃዬን እንደ ዘበኛ እጠብቅ ጀመር። ለአንድ ሲጋራ ዕድሜ ያህል ደስተኛ ነበርኩ።

ከዚያ «ጠብ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እንቁራሪት መሰለኝ። ደግሞ «ጠብ»። ዞር ስል ከማዶው ጫፍ ዳቦ የሚያህል አፈር ወርዶ ውሃው ውስጥ ሟሟ። ማንም አልነበረም። ደግሞ ሌላ። ውሃው ከፊቴ ላይ፣ እኔ ዓይኔን ሳልነቅል እያየሁት፣ ቀለሙ ተለወጠ። አፈር የሚጨምርለት ሰው በሌለበት አፈር ያዘ።

ያኔ ነው ጆሮዬን መሬት ላይ የደፋሁት። ከሥሬ እንደ ከብት ሲጠጣ ያለ ጉርጉርታ ይሰማል።

ብድግ ብዬ ወደ አስማረ ማሳ ሳይ፣ በሽንኩርቱ ረድፎች መሀል አንድ ጥቁር መስመር ተሰምሯል። ክር ያህላል። ሳየው ጣት አከለ። ወደ ኋላ ሮጥኩ። ማሳው እንደ ደከመው ሰው ቀስ ብሎ ቁጭ አለ። ረድፎቹ ሳይበተኑ፣ ችግኞቹ ቀጥ ብለው እንደ ቆሙ፣ ሙሉው ቁራጭ ወደ ቦዩ ወረደና ውሃው ላይ ተበተነ። ወዲያው የቦዩ ዳር ተቀደደ፤ ውሃው መንገዱን ትቶ በዚያ ቀዳዳ ወደ ወንዙ፣ ወደ መጣበት ተመለሰ። ከታች ያለው ቦይ በአፍታ ውስጥ ጭር አለ።

«አስማረ!» ብዬ ጮኽኩ። ማንን ልጠራ? ያባረርኩት እኔ ነኝ።

አያ ሙላት መጡ። መዝጊያውን ራሳቸው ዘግተው ነው የመጡት። ወንዝ የገባውን የራሳቸውን መሬት አይተው አለፉት። የደረቀው ቦይ ውስጥ ወረዱና ዘንጋቸውን ሥሩ ላይ አቆሙ፤ ከድሮው ወለል እስከ ጉልበታቸው ተበልቷል። የየማሳው መቀበያ አፎች ከላይ ተንጠልጥለው ቀርተዋል። ቀዳዳው እንኳ ቢደፈን፣ ውሃው ከሥራቸው ያልፋል እንጂ አይገባባቸውም።

«አያ» አልኩ፣ «እኔ ንጹሕ ነበር የለቀቅኩት።»

«አውቃለሁ። ጭነቱን አወረድክበት፤ የጎደለውን ከመንገድ ለቀመ።»

ጠርሙሶቹ አሁንም ዳሩ ላይ በተርታ ቆመው ነበር። አንስተው በፀሐይ አዩዋቸው። «ቆንጆ ነው የሠራኸው» አሉ። «ውሃው ከቦዩ የበላውን አንድ በአንድ ጽፈህበታል። የሰው ሥራ አድርገህ ባታነበው ኖሮ።»

ቢጮሁብኝ እመርጥ ነበር።

ከዚያ ትእዛዝ ተሰጠ። የማጠፊያው ቀዳዳ በጆንያ ይደፈን፤ ጆንያ ደግሞ መጋዘኔ ሙሉ ነው፤ አዲስ፣ አሸዋ ነክቶት የማያውቅ። ሁሉንም አውጥተን አፈር ሞላንባቸው። በተበላው የቦይ ሥር ላይ በየሃያ እርምጃው ዝቅ ያለ የእሾህ አጥር ይጋደም፤ ውሃው እየተገታ ከፍ ይልና መቀበያው ይገባል፤ ደለሉም ከአጥሩ ኋላ እየተኛ ሥሩን ይመልሳል። ማጣሪያዬ ተዘግቶ ድፍርሱ የወንዝ ውሃ በቀጥታ ይግባ። ይህም አይበቃም።

«ውሃው ብዙ ተርቧል» አሉ አያ ሙላት። «ከወንዙ በሚያመጣው ብቻ ቶሎ አይጠግብም። ያንን ጉብታ» አሉና የእስካቫተሩን ቁልል በዘንጋቸው አሳዩኝ፣ «በአካፋ እየበተንክ ትመግበዋለህ። አንተ ራስህ።»

«እኔ?»

«ጭቃው ያንተ ነው ብዬህ ነበር።»

የእሾህ አጥሩን የሚሠራ ግን ጠፋ። ቅርንጫፉን ውሃ እንዳይነቅለው አድርጎ መቆላለፍ የሚያውቀው አንድ ሰው ነበር። ከሰዓት በኋላ የተከራያት ቤት ሄድኩ። እውነትም መስኮት አላት። አስማረ ልብሱን ማዳበሪያ ውስጥ እየከተተ ነበር።

«ልትሄድ ነው?»

«ምን ልጠብቅ?»

ነጋዴ ነኝና ዙሪያውን መጣሁ። ስለ ጉዳቱ፣ ስለ መሬቱ፣ ስለምንስማማው ነገር ማውራት ጀመርኩ። እጁን አነሳ።

«ጋሼ፣ እሱን ይተዉት። ቀላቃይ ያሉኝ ስንት ሰው እየሰማ ነው?»

«ብዙ ነበርን።»

«እንግዲያው ያ ብዙ ሰው ይስማ። ቤት ውስጥ አልፈልገውም።»

በማግስቱ ጠዋት አባወራው ሁሉ ቦዩ ላይ ነበር፤ አስማረም። የችግኙ ጫፍ መንደድ ጀምሯል። እኔ ጉብታው ላይ ወጥቼ አካፋዬን ተከልኩና፣ ጨረታ እንደሚያስነሳ ሰው ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩ። አስማረ ዳሩን ሊያድን ነበር፤ ያባረርኩት እኔ ነኝ፤ ቀላቃይ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ቃሌን መልሻለሁ አልኩ። የሰው ፊት አየሁና ምንም ማንበብ አቃተኝ።

አስማረ ለእሾሁ ጎንበስ አለ። አጥሮቹን ቆላልፎ ሲጨርስ «በሉ ውሃው ይለቀቅ» አለ።

ውሃው ግማሽ ተለቀቀ። እኔም አፈር መጣል ጀመርኩ። በአካፋ እያነሳሁ፣ እየበተንኩ፣ ውሃው ውስጥ። አንዱ ከኋላ «ኧረ ጉድ፣ ኢድሪስ አፈር ቀላቀለ!» አለ። ሳቁ ከሽንፋ ኮኪት ሳይሰማ አልቀረም። ሌላው «ናሙና እንውሰድ?» ሲል፣ ሌላው ሃይላንድ አቀበለው። ዘሐራ ምሳ ይዛ መጥታ ዛፍ ሥር ቆማ ታየኛለች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል። ቀኑን ሙሉ ጣልኩ። በማግስቱም ጣልኩ። አያ ሙላት ታች ሆነው ውሃውን በመዳፋቸው እያፈሱ በጣታቸው መሀል ያሹታል፤ አንዴ «ጨምር»፣ አንዴ «ቀንስ» ይላሉ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት «ተወው፣ ይዟል» አሉ። ከመጀመሪያው አጥር ኋላ ሥሩ ላይ ልክ እንደ ክሬም የለዘበ ደለል ተኝቶ ነበር። መቀበያው አፍ ላይ ውሃው ጠርዙን ነካ፤ ተመለሰ፤ እንደገና ነካ፤ ገባ።

አንዲት ሴት ማሳዋ ውስጥ ቁጭ ብላ ጭቃውን በሁለት እጇ እየዳበሰች ሳቀች። የሃያ አንዱ አባወራ ችግኝ፣ ዳር ዳሩ ቢቃጠልም፣ ቀና አለ። የኔው ጭራ ላይ ነውና ውሃው ሳይደርስለት አለቀ። የአስማረና የአያ ሙላት ማሳ ደግሞ ወንዝ ገብቷል።

የቦያችን ልማድ ቦይ የሰበረ የወቅቱን ተራ ያጣል ይላል። ተራዬ ለአስማረ ተሰጠ። እሱ ተራ አለው፣ መሬት የለውም፤ እኔ መሬት አለኝ፣ ተራ የለኝም። ሁለታችንም ያለ ሌላው ምንም ነን። ስለዚህ በእኩል ገባን። በልማዱ ደግሞ ውሃ ያለው ነው የሚያዝዘው። ነጋዴው ኢድሪስ የጎጃም ቀን ሠራተኛ ሽንኩርት መደብ ላይ «እዚህ ጋ ይኮትኩቱ» ሲባል የሚኮተኩት ሰው ሆነ። ዘግይተን ሌላ ችግኝ ከሩቅ አምጥተን ተከልን፤ ወቅቱ ስላለፈ ራሱ ትንንሽ ሆኖ ወጣ። አስማረ ሚስቱን ያመጣው በሚቀጥለው ዓመት ነው።

በኋላ አንድ የመስኖ መሃንዲስ መጥቶ ቦያችንን በሜትርና በገመድ ለካ። ያልተበላውን የላይኛውን ክፍል ስፋቱን፣ ጥልቀቱን፣ ቁልቁለቱን ጻፈ። ስልኩ ላይ ሲደምር ሲያካፍል ቆየና ዓይኑ ፈጠጠ። እንዲህ ባለ ደለል አፈር ላይ ቦይ ሲቀየስ፣ ውሃው የያዘውን እስኪጥል ቀርፋፋ፣ የመንገዱን እስኪለቅም ፈጣን እንዳይሆን፣ ሁለቱ ተመዝነው ነው አለን። የኛ ላይ ሚዛኑ ልክ ነው።

«ማነው የቀየሰው?» አለ።

«ውሃው» አሉ አያ ሙላት። «እኛ ቆሻሻውን እየጠረግን ጠበቅነው።»

መሃንዲሱ የቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት ቦይ አይታችሁ አታውቁም፤ ሰሊጥም የምታውቁት ከረሜላ ላይ ይሆናል። ግን እጃችሁ ላይ አንድ የተሳካላችሁ ሙያ ካለ ተጠንቀቁ። እኔ ዓለምን ሁሉ በወንፊቴ ነበር የማየው፤ ወንፊቱ ሰሊጥ ላይ ስለሠራ። አሁንም ሰሊጤን አበጥራለሁ፤ አሸዋም አላስገባም፤ እሱ አልተለወጠም። የተለወጠው ሌላ ነው። አንድ ሰው እጁ ላይ ጭቃ ይዞ ሳየው፣ ከመጮኼ በፊት ምን እየሠራህ ነው ብዬ እጠይቃለሁ። ቀላል ይመስላል። ሞክሩት፤ በተለይ ማስረጃ በጠርሙስ ደርድራችሁ የያዛችሁ ዕለት።

ባለፈው ጥቅምት ደለል ስንጠርግ፣ ከአስማረ ጋር ጎን ለጎን ነበርን። ሲከነክነኝ የኖረውን ጠየቅኩት።

«ያን ቀን ብተውህ ኖሮ፣ ዳሩ ይቆም ነበር?»

አካፋውን አቆመና ማጠፊያውን አየ።

«አላውቅም ጋሼ» አለ። «እርስዎም አያውቁም። የወሰዱብኝ እሱን ማወቁን ነው።»

ጎንበስ ብሎ መጥረጉን ቀጠለ። እኔም ቀጠልኩ።